ሳትጥሉት ሥራ ስጡት

ልጆቼ፣ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች፤ በመሐል ሜዳም ኑሩ በዓለም ከተማ፣ በራቤልም ኑሩ በአዲስ አበባ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። አንድ ዕቃ የመጀመሪያ ሥራውን ሲጨርስ ለሌላ ሥራ ይበቃ እንደሆነ ሳትመረምሩ አትጣሉት። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አያልፍም።

የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ብርዱ ጽኑ፣ እንጨቱ ጥቂት። ስለዚህ አባቶቻችን በልክ መጠቀምን ጓሳ ከሚባለው የመንዝ የሣር ምድር ተማሩ። የጓሳን ሣር የቀደምት የመንዝ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። መሬቱ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ደርሷል ሲባል ተከፍቶ ይታጨዳል። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ትምህርቱ አልፈረሰም። በጓሳ ሣር ጣሪያ ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለእረኛ ገሳ ይሠራል። ጣሪያው ሲታደስ የወረደውን አሮጌ ሣር ለከብት ጉዝጓዝ አድርጉት፤ ከፋንድያውና ከሽንቱ ጋር ሲብላላ ደግሞ ወደ ጓሮ ውሰዱት። ሁለት ሦስት ሥራ የሠራ ሣር አዲስ ሣር እንዳይታጨድ ያሳርፋል።

ከልብስ እንጀምር። የመንዝ በግ ጸጉር በእናቶቻችን እጅ ተፈትሎ፣ በሸማኔ ተሠርቶ ባና ይሆናል። ባና ቀዳዳው ትንሽ ሳለ በሱፍ ክር ጣፉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከርሞ እጅ ያስገባል። ለመልበስ አልሆን ሲል መደብ ላይ አንጥፉት። ከዚያም ሲያልፍ እየደራረባችሁ ስፉትና ከአህያ ጭነት ሥር አድርጉት፤ የእንስሳው ጀርባ እንዳይገጠብ ከሱፍ የሚሻል የለም። ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ከላይ ሳስቶ ስታዩት ስፌቱን ቀስ ብላችሁ ተርትሩና ብርሃን ላይ ዘርጉት። የውስጡ እጥፍ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከደህናው ለሕፃን ማቀፊያና ለእንጀራ መሸፈኛ ይወጣል፤ የተረፈው ዕቃ ማድረቂያ፣ የመጨረሻው መወልወያ ይሆናል። ልጅ ያደገበት ልብስ ግን ሳይቀደድ ለጎረቤት ልጅ ይሂድ።

እንስራ ቢሰበር ታችኛው ግማሹ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ይበቃል። በገሉ ፍም ከጎረቤት መጫር፣ ዕጣን ማጨስም ይቻላል። የቀረውን ለሸክላ ሠሪ ስጡ፤ ደቁሰው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይለውሱታል፣ ሸክላው ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅም ይረዳል። የተሰነጠቀ ቅል ወተት ባይይዝም በክር ተሰፍቶ ዘር ይይዛል። የዘይት ጀሪካን ሲሰነጠቅ አፉ ያለበትን ቆርጣችሁ ለእህል መሙያ፣ ታቹን ለችግኝ ማፍያ አድርጉት። ትንሹን ጀሪካን ከታች በምስማር ብሱትና በእንጨት ውተፉት፤ ከሽንት ቤት ደጃፍ ስትሰቅሉት የእጅ መታጠቢያ ነው።

አመድ በየቀኑ ከምድጃ ይወጣል፤ ብዙዎች ግን ደጅ ይደፉታል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ንፉት። ደቃቁን ከባቄላና ከሽምብራ ዘር ጋር ብትቀላቅሉት ነቀዝን ይከላከላል። ከሽንት ቤት በወጣችሁ ቁጥር አንድ እፍኝ ብትበትኑ ሽታውንና ዝንቡን ይቀንሳል። የተረፈውን ጎመንና ሽንኩርት ሥር በስሱ ነስንሱ፤ ኩበቱን አንድደን ከእርሻ የወሰድነውን ጥቂቱን ብንመልስላት ነውር የለውም። ያደረ እንጀራ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ድርቆሽ ይሁን፤ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለድንገተኛ እንግዳ ፍርፍር ይሆናል። የጠላውን አተላ በጉ ይጠጣዋል። የሻገተውን ግን ለሰውም ለከብትም አትስጡ።

አሁን አጥብቃችሁ ስሙኝ። የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መርዝ የያዘ ዕቃ ምንም ቢያምር ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አይሁን። የቱፎርዲ፣ የማላታይን፣ የበግ ቅማል መድኃኒት ዕቃ መርዙን ፕላስቲኩ ይጠጣዋል፤ ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሦስት ጊዜ አጥባችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩ፤ ዕቃውን ብሱት፤ ከውኃና ከልጆች አርቁት። የዩሪያ ማዳበሪያ ከረጢትም ለኩበትና ለገለባ መሸከሚያ እንጂ ለዱቄት አይሁን። ፌስታልና ጎማ ምድጃ ውስጥ አትማግዱ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

እናንተ ሥራ ያጣችሁለትን ሌላው ያገኝለታል። ቆራሌው በየመንደሩ የሚዞረው፣ ልዋጭ የሚሉት አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳፋና ብርጭቆ የሚሰጡት ለዚህ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮና በርሜል ምድጃና መጥበሻ ሆኖ ይወጣል። ያገለገለ የመኪና ጎማም በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬ አቀበት አውጥቷል። ሁሉንም መጣል ወዴት እንደሚያደርስ ያየነው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው መጣያ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያ ክምር ከየቤታችን የወጣ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ቁጠባን ከንፉግነት አትቀላቅሉ። ንፉግ የማይጠቀምበትን ዕቃ ጓዳ ውስጥ ያከማቻል፤ አይጥ ይበላዋል፣ ለችግረኛም አይደርስም። ቆጣቢ ዕቃውን ሥራ ላይ ያውላል፣ ከእሱ የተረፈውን ለሚፈልገው ይሰጣል። ባላችሁ ነገር በልክ ስትጠቀሙ እንግዳ ሲመጣ የምታቀርቡት፣ ጎረቤት ሲቸገር የምትሰጡት አይታጣም። የቁጠባ ክብሩ እሱ ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሩ። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ሊጣል የተቀመጠውን አውጡና ለዩት፦ የሚጠገነው ይጠገን፣ ለሌላ ሥራ የሚበቃው ሥራ ይሰጠው፣ ለሰው የሚሆነው ይሰጥ፣ መርዝ የነካው ይወገድ። ልጆቻችሁንም አብራችሁ አስቀምጡና መርፌና ክር አስይዟቸው፤ በምክር ብቻ የተማረ እጅ የለም። በረከት ከጓዳችሁ አይጥፋ፤ እጃችሁ ሰጪ ይሁን፤ የደከማችሁበትን ለልጅ ልጅ ያድርስላችሁ። አሜን።