ጥፋቱን ለማያውቅ ቅጣት ይገባዋልን?

በአገራችን ውሻ ለብዙ ዘመን የግቢ ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን በከተማ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ቡችላ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድግበት ቤት አለ። እንዲህ ባለው ቤት ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ምንጣፉ ረጥቦ ያገኘዋል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቡችላው ጆሮውን አጥፎ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ወሽቆ ዓይኑን ይሰብራል። «ተመልከቱት፤ ጥፋቱን ዐውቆታል» ይባላል፤ በትርም ይከተላል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዟል። ጥፋቱን የማያውቅን ፍጡር መቅጣት ፍትሕ ነውን?

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው ድርሳን፣ በሦስተኛው መጽሐፍ፣ ምስጋናና ወቀሳ የሚገባው በፈቃድ ለተደረገ ሥራ መሆኑን ያስረዳል። በግድ ወይም ባለማወቅ የተደረገው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቡችላውን በዚህ ሚዛን እንመዝነው። የሁለት ወር ቡችላ ፊኛው ገና አልጠናም፤ ነቅቶ ሳለ ሽንቱን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ ይቸግረዋል። ሣር ከምንጣፍ በምን እንደሚለይ ያስተማረው የለም። በሩም ተዘግቷል፤ የሚከፍትበት እጅ የለውም። እንግዲህ ችሎታም ዕውቀትም ነጻነትም ከሌለ ጥፋቱ ከየት ይገኛል?

«ታዲያ ለምን አንገቱን ይደፋል?» የሚል ይኖራል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በ14 ውሾች ፈትነዋል። ባለቤቶቹ ውሾቻቸው ምግቡን እንዳይነኩ አዘው ከክፍሉ ይወጡ ነበር። ሲመለሱ «በልቷል» ወይም «አልበላም» ይባላሉ፤ የሚነገራቸው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። የጥፋተኛ መልክ የታየው ውሻው ስለ በላ ሳይሆን ባለቤቱ ስለ ተቆጣ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ሳይበሉ በተቆጧቸው ውሾች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ስለዚህ የተሰበረው ዓይን የፍርሃት ምልክት እንጂ የጥፋት ኑዛዜ አይደለም። ፍርሃትን እንደ ኑዛዜ የሚቀበል ዳኛም ንጹሑን ከበደለኛው ለይቶ ማወቅ አይችልም።

በትሩስ ምን ያስተምራል? ከአንድ ሰዓት በፊት የሆነውን አሁን ከሚያርፍበት ዱላ ጋር ማያያዝ ቡችላ አይችልም። በድርጊቱ ላይ ሳለ ቢመታም የሚማረው «በቤት ውስጥ አትሽና» የሚለውን ሳይሆን «ሰው እያየህ አትሽና» የሚለውን ነው። ስለሆነም ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ ወደ ውጭ ሲያወጡትም በጌታው ፊት መሽናት ይፈራል። መደበቅን ያስተማርነው እኛው ነን።

ይህን ስንል ቤቱ ይቆሽሽ ማለታችን አይደለም። ሥርዓት መማር አለበት፤ ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ከአስተማሪው ነው። ቡችላው እንደ ነቃ፣ እንደ በላ፣ ተጫውቶም እንደ ጨረሰ ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ እናውጣው፤ እዚያ ሲፈጽም ወዲያው እናመስግነው፤ የሚወደውንም ጥቂት እንስጠው። በቤት ውስጥ ሲጀምር ካየነው ሳንጮህ አንሥተን እናውጣው። ካለፈ በኋላ ካገኘነው ግን ጠርጎ ዝም ማለት ነው። ሽታው ከቀረ ወደዚያው ይመለሳልና ቦታው በሚገባ ይጽዳ፤ አሞንያ ያለበት ማጽጃ ግን የሽንትን ሽታ ስለሚመስል አይጠቅምም። ይህ ሁሉ የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ትዕግሥት ይጠይቃል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው ብሂላችን ለዚህም ይሠራል።

ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በእንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ሰው ለሰው ያለውን ርኅራኄ እንደሚያደነዝዝ አስጠንቅቋል። በእርግጥም በቡችላው ላይ የለመድነው ፍርድ በዚያ ብቻ አይቀርም። አልጋውን ያረጠበ ሕፃን፣ ሥራውን ሳያሳዩአት የምትወቀስ የቤት ሠራተኛ፣ ትእዛዙ ያልገባው ጀማሪ፣ ሁሉም በቁጣችን ፊት አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል እንቆጥረዋለን። ስለዚህ በእጃችን ባለ ፍጡር ላይ ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ያውቅ ነበርን? ይችል ነበርን? እኛስ በሩን ከፍተንለት ነበርን? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሳችን «አልከፈትንም» ከሆነ፣ መወልወያውን አንሥቶ ወለሉን ማጽዳት የእኛ ድርሻ ነው።