ላም አለኝ በሰማይ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት የሚነገረው ሀብት አለኝ እያለ ለሚኩራራ፣ ነገር ግን ጥቅሙን ራሱም ሆነ ጎረቤቱ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ በክርስትና ላይ ሲሰነዘር ደግሞ መዳንን፣ ማለትም ከኃጢአትና ከሞት ኃይል ነጻ መውጣትን፣ ከመቃብር ወዲያ ብቻ የሚገኝ ተስፋ አድርጎ ያሳያል። ክሱ በብርቱ የሚፈተነው ላም የክብር ሁሉ መለኪያ በሆነችበት ሕዝብ ዘንድ ነውና፣ በአብዛኛው ኑዌሮች የሚኖሩበት የጋምቤላ ከተማው ኒውላንድ ሰፈር ለፈተናው የተገባ ስፍራ ነው።

በኑዌር ባህል ከብት ጥሎሽ ነው፣ የደም ካሳ ነው፣ ለኩዎዝ ማለትም ለፈጣሪ የሚቀርብ መሥዋዕትም ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው የባህል ጥናት ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ በሬ ያጣ ሰው በምትኩ ኪያር ይሠዋል፣ ኪያሩም በሬ ተብሎ ይጠራል፤ በዚህም ውስጥ ባዶ እጁን በፈጣሪ ፊት መቆም የሚከብደው የሰው ልጅ ጭንቀት በግልጽ ይታያል። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት 3ኛ ምዕራፍ ትውልዱንና ሕግ አክባሪነቱን ክርስቶስን ከማወቅ ጋር ሲያነጻጽር እንደ ጉዳት መቁጠሩ፣ የዕብራውያን መልእክትም የክርስቶስ መሥዋዕት አንድ ጊዜ ቀርቦ የማይደገም መሆኑን ማስተማሩ ለዚህ ጭንቀት መልስ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከብቱን ጥሎ ወደ ጋምቤላ የተሰደደ ኑዌር በእግዚአብሔር ፊት ለመቅረብ በሬም ኪያርም አያስፈልገውምና። ይህ ዛሬውኑ የሚጠጣ ወተት ነው።

ይሁን እንጂ ተረቱ በቀላሉ አይረታም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ ከ10 ሰው 7 ያህሉ ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ግን ኑዌርና ጎረቤቱ የአኙዋክ ሕዝብ በዚያችው በጋምቤላ ከተማ ደም ተፋሰዋል። ወቀሳው እውነተኛና የሚያም ነው፤ የሚያርፈው ግን በክርስቶስ ዋጋ ላይ ሳይሆን፣ የተሰጣቸውን ሳያልቡ በስሙ ብቻ በሚጠሩት ላይ ነው። ደም ያለ ካሳ እንደማይበርድ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ኑዌር ነው፤ የራሱ ዕዳ በክርስቶስ ደም እንደተከፈለ የሚያምን ሰው ታዲያ ከኒውላንድ ወጥቶ የአኙዋክን ደም የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም፣ አኙዋኩም እንዲሁ።