ፍቅር ባለበት ቤት ሒሳብ ይያዛልን?



ባለፈው ወር ከጉባኤ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ይኸውም «በአንድ ቤተሰብ መካከል ማን ምን ሠራ፣ ማን ምን አልሠራም ብሎ መቁጠር ተገቢ ነው ወይስ ነውር?» የሚል ነው። ክርክሩ ጥቂት ከሞቀ በኋላ «እጅ እናውጣ» ተባለና አብዛኞቻችን «ነውር ነው» በሚለው ወገን እጃችንን አወጣን። ፍቅር ባለበት ሒሳብ የለም፤ ሒሳብ የገባበት ቤት ሱቅ እንጂ ቤት አይባልም ተባለ። ንግግሩ ያማረ ስለ ነበር ተጨበጨበ። እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በ2012 ዓ.ም. በቤታችን የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለንና ያወጣነው እጅ አሳፈረን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ስለዚሁ ነው።

ያን ዓመት ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ት/ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ቀረ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። እንደ አንዳንድ አገሮች ሰው ሁሉ ከደጁ አይውጣ የሚል ዐዋጅ ግን በእኛ ዘንድ አልወጣም። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ሕዝብ በሩን ዘግቶ ሊቀመጥ እንደማይችል የታወቀ ነውና። ስለዚህ በብዙዎቻችን ቤት አባት ይወጣል፣ ልጅ ይቀመጣል ማለት ሆነ።

በቤታችን ሦስት ልጆች ነበርን። ታላቅ እኅታችን የ18 ዓመት ልጅና የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ 16 ዓመቱ ሲሆን 10ኛ ክፍል፣ ታናሽ ወንድማችን 13 ዓመቱ ሲሆን 7ኛ ክፍል ነበርን። ከእኛ ጋር አባታችን፣ እናታችንና አስም ያለባቸው አያታችን ይኖሩ ነበር። እንግዲህ ስድስት ሰው በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባታችን የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ስለሆኑ በየማለዳው ይወጡ ነበር። መኪናው ከሚይዘው ሰው ግማሹን ብቻ ነበር የሚጭኑት። ማታ ሲመለሱ ልብሳቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እጅና እግራቸውን ታጥበው፣ ከአያታችን ርቀው በራፉ አጠገብ ፍራሽ ዘርግተው ይተኙ ነበር። አያታችን ደግሞ እናታቸው የነገሯቸውን በ1911 ዓ.ም. የነበረውን የኅዳር በሽታ እያነሡ፣ «ያም አልፏል፣ ይኸም ያልፋል» ይሉን ነበር። (እንዲህ ካሉ በኋላ ስለዚያ በሽታ የሚያስፈራውን ሁሉ ይተርኩልን ስለ ነበር መጽናናታችን አጭር ነበር።)

ከዚያ በፊት ሁላችንም ማለዳ ወጥተን ማታ የምንገባ ስለሆንን በቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ አናይም ነበር። ስንገባ ወለሉ ተጠርጎ፣ እንጀራው በመሶብ ተቀምጦ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ እናገኘዋለን። ነገሩ እንደ ፀሐይ መውጣት በራሱ የሚሆን ይመስለን ነበር። ቤት ስንውል ግን ሥራው በዐይናችን ፊት መሠራት ጀመረ። ከዚህም በላይ ሥራው በዛ። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣ ነበር። እጅ መታጠቡ፣ የአባታችንን ልብስ በየቀኑ ማጠቡ ሲጨመር ድሮ ለሳምንት የሚበቃን ውሃ ሦስት ቀን አይዘልቅም። ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥቶ የቧንቧውን ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው እኅታችን ነበረች። እኛ ሁለቱ ወንዶች ድምፁን ሰምተን ብርድ ልብስ እንስብ እንደ ነበር ዛሬ አንክድም።

ትምህርቱም ነበር። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው እንዳለ ሆኖ፣ መምህራን ጽሑፉን በቴሌግራም ይልኩልን ነበር። በቤቱ ያለችው ግን አንዲት ስልክ ናት፤ እሷም የእናታችን ነች። ስልኳ ቀን በእኛ በወንዶቹ እጅ ትውላለች፤ ምክንያቱም ቀን ሥራ የማንይዝ እኛ ነን። ለእኅታችን የምትደርሳት ማታ ሰሐን ታጥቦ ሲያበቃ ነው። ያን ጊዜም ወይ ካርዱ አልቋል፣ ወይ ባትሪው ሞቷል። ከሦስታችን አገር አቀፍ ፈተና የሚጠብቃት እሷ ብቻ ነበረች።

የፋሲካ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ማደሩ ቀርቶ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። ነገሩ የደረሰው ከዚያ በኋላ በግንቦት ወር ነው። ታናሽ ወንድማችን የሚሥልበት ወረቀት ሲፈልግ ከእኅታችን የኬሚስትሪ ደብተር መጨረሻ አንድ ገጽ አገኘ። በገጹ ላይ «ውሃ፣ እንጀራ፣ ልብስ፣ ሰሐን፣ ቡና፣ የአያቴ መድኃኒት» የሚል ተጽፎ፣ በየስማችን ሥር አምስት አምስት እየሆነ የተጫረ መስመር አለ። በእሷ ስም ሥር መስመሩ ተጨናንቆ ቦታ አልበቃውም። በእናታችንም ሥር ብዙ ነው። በእኛ ሥር «ውሃ» በሚለው ሁለት መስመር አለ። «እንጀራ» በሚለው ምንም የለም። ወንድማችን ቀልድ መስሎት ከምሳ በኋላ ሁላችንም በተቀመጥንበት ጮክ ብሎ አነበበው።

እናታችን አልሣቁም። ፊታቸው ጠቁሮ፣ «በገዛ ቤቴ ሒሳብ ተያዘብኝ? እኔ ሳሳድጋችሁ ስንት ሌሊት እንደ ተነሣሁ ጽፌ ነበርን? እኅት ለወንድሞቿ ሠራች ተብሎ ይቆጠራል?» አሉ። እኅታችንም ራሷን ደፍታ ቆይታ፣ «እማዬ፣ ለመክሰስ አልጻፍኩትም። እውነት እኔ ላይ በዝቶ ነው ወይስ ደክሞኝ መስሎኝ ነው የሚለውን ለማወቅ ነው» አለች። ከዚያም ሰሐኑን ሰብስባ ወጣች። እኛ ዝም አልን። ይህን ዝምታ ነው እንግዲህ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ልንመረምረው የተነሣነው።

በመሠረቱ እናታችን የተናገሩት ሐሰት አይደለም። እሳቸው አልቆጠሩም፤ ያለመቁጠር መብትም አላቸው። የሰጠ ሰው የሰጠውን ልርሳው ቢል ማን ይከለክለዋል? ነገር ግን የራስን ድካም አለመቁጠርና ሌላውን ሰው «ድካምህን አትቁጠር» ማለት አንድ ናቸውን? ዕዳን መሰረዝ የሚችለው አበዳሪ ነው። ተበዳሪው ተነሥቶ «በመካከላችን ሒሳብ ነውር ነው» ቢል እንደ ትሑት ይቆጠርለታልን? እናታችን የራሳቸውን ሲሰርዙ የእኅታችንንም አብረው ሰረዙት። ይህ ግን የእሳቸው አልነበረም። እኛ ደግሞ ከሁሉ የባስን ነበርን፤ የተሰረዘው የእኛ ዕዳ ሆኖ ሳለ እንደ ማይመለከተን ዐይናችንን ወደ ጣራ አነሣን። ያን ቀን ከሦስታችን ስለ ፍቅር ምንም ያልተናገረችው የምትሠራዋ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። እኛስ በልባችን «እናታችን እውነታቸውን ነው፣ ቤተሰብ እኮ ነን» እያልን ነበር።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በስምንተኛው ክፍል፣ ወዳጆች በሆኑ ሰዎች መካከል ፍትሕ አያስፈልግም የሚል አሳብ አለው። ባለፈው ወር በክርክራችን ላይ አንድ ወንድማችን የጠቀሰው ይህን ነበር። ነገር ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ጥቂት ገጽ ወረድ ብሎ ያለው አልተጠቀሰም። በዚያ ሥፍራ ፈላስፋው ግፍ ለቅርብ ሰው ሲሆን የከፋ ነው ይላል፤ ወንድምን ሳይረዱ መቅረት እንግዳን ሳይረዱ ከመቅረት ይብሳል፣ የፍትሕ ግዴታም ከወዳጅነቱ ጋር አብሮ ያድጋል ባይ ነው። እንግዲህ ፊተኛውን ይዞ ኋለኛውን መተው ለማን እንደሚመች ግልጽ ነው።

ማርታና ማርያምም አሉ። በወንጌል የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል፤ ማርያም በጎውን ዕድል መምረጧን አንጠራጠርም፤ የጌታን ቃል ለማረምም አልመጣንም። ነገር ግን አንድ ነገር እንበል። ይህን ታሪክ ጠቅሰን ማርታን ስንወቅስ ብዙ ጊዜ ማርታ ያቀረበችውን በልተን ከጠገብን በኋላ ነው። ደግሞም ማርያም የተቀመጠችው ቃሉን ለመስማት ነበር። እኛ በግንቦት ወር ፍራሽ ላይ ተጋድመን የምንሰማው የትኛውን ቃል ነበር?

ማታ አባታችን ሲገቡ ነገሩን ሰሙ። ወረቀቱን ከሩቅ እንድናሳያቸው ጠየቁና በስልኳ ብርሃን ረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥለውም «የእኔ የታለ?» አሉ። እውነትም የእሳቸው ስም በገጹ ላይ አልነበረም። እኅታችን፣ «አባባ፣ የእርስዎን በምን ልቁጠረው?» አለቻቸው። አባታችን አልመለሱም። ወረቀቱን መልሰው ሰጥተው ወደ ፍራሻቸው ሄዱ። በማግስቱ ግን ከመውጣታቸው በፊት በዚያ ሌሊት የመጣውን ውሃ እሳቸው ቀድተውት አገኘን። ስድስት ጀሪካን ተደርድሯል። ከዚያ በኋላ ተኝቶ መቅረት አልተቻለም።

እኛም ተራ አወጣን። ውሃ በእኛ ላይ ሆነ፤ ሰሐን በታናሻችን ላይ፤ ስልኳ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ካርድ ተሞልቶባት፣ የእኅታችን ሆነች። እንጀራም ሞክረን ነበር። የመጀመሪያው እንጀራችን ከምጣዱ አልለቅ ብሎ በቢላ ተፍቆ ተነሣ፤ እናታችንም በዚያን ጊዜ ሣቁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሳምንታት ሲቆይ፣ ስልኳ ለማንም ሳትጠቅም፣ እኅታችን ከጎረቤት የተዋሰችውን የድሮ መጽሐፍ ይዛ በተራችን ሰዓት ስታጠና እናያት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ይሆናል ብለን ደስ አለን።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። «መቁጠር ነውር ነው» ለሚሉት ወንድሞቻችን ጥቂት እውነት ልናተርፍላቸው ይገባል። ተራው ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ታናሽ ወንድማችን «ይህ ብርጭቆ ከእራት በኋላ ስለቆሸሸ አይመለከተኝም» ማለት ጀመረ። እኛም በማክሰኞ የቀዳነውን ውሃ ቅዳሜ ሌላ ሰው ቢያፈሰው እንቆጣ ነበር። አንድ ሌሊት አያታችን እያሳላቸው ውሃ ጠየቁ። ሁለታችንም ነቅተን ነበር። «ዛሬ የማን ነው?» ተባባልን፤ በሹክሹክታ ተከራከርን። እኅታችን ከጥናት ደክማ ተኝታ ነበርና አልሰማችም። እኛ ስንከራከር አያታችን ራሳቸው ተነሥተው በጨለማ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱና ጀሪካኑ አደናቅፏቸው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክፉ አልተጎዱም። የተናገሩን ግን ምንም አልነበረም፤ «ተኙ ልጆቼ» ብቻ ነበር ያሉን።

በዚያን ሌሊት የሁለቱን ወረቀት ልዩነት ለማየት ሞከርን። የእኅታችንም ወረቀት ቁጥር ነው፤ በግድግዳ የለጠፍነው የእኛም ተራ ቁጥር ነው። እሷ የቆጠረችው ሥራውን ከሠራች በኋላ ነው፤ እኛ የቆጠርነው ላለመሥራት ነው። እሷ በወረቀቷ ላይ የአያታችንን መድኃኒት ስትጽፍ አንድም ቀን «ተራዬ አይደለም» ብላ መድኃኒቱን አስቀርታ አታውቅም። ታዲያ መቁጠር በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም እኩል በተጠየቅን ነበር። ደግሞ የእኛን ሌሊት አንሥቶ የእሷን ወረቀት መንቀፍ፣ ሌባ ቢላ ይዞ ተገኘ ተብሎ ወጥ ቤት ያለውን ቢላ ሁሉ መጣል ይሆናል። ይህን ስንል ግን አንድ ያልፈታነው ነገር አለ፤ የአባታችን ፍርሃት፣ በየምሽቱ ልጆቹን ሳይነካ በራፍ ላይ የሚተኛ ሰው ድካም፣ በየትኛው ዓምድ ሥር ይጻፋል? እኅታችን ያኔም አላወቀችውም፤ እኛም እስከ ዛሬ አላወቅነውም።

በ2013 ዓ.ም. ት/ቤቶች ደረጃ በደረጃ ተከፈቱ፤ እኅታችንም ዘግይቶ የተሰጠውን ፈተና በዚያው ዓመት ተፈተነች፤ አለፈችም። ተራው ያለበት ወረቀት ለጥቂት ሳምንት በግድግዳው ላይ ቆይቶ፣ ማንም ሳያነሣው በራሱ ጊዜ ወደቀ። ዛሬ እኛ በዩኒቨርሲቲ ነን፤ እሷ ሥራ ይዛለች። ለበዓል ወደ ቤት ስንሄድ «ከመንገድ ደክሟቸው ነው የመጡት» ተብለን እንቀመጣለን። እሷም ከሥራ ደክሟት ነው የምትመጣው።

እንግዲህ ባለፈው ወር ያወጣነውን እጅ ማውረዳችንን በዚህ ጽሑፍ እናስታውቃለን። ሰብሳቢያችን ድምፁ እንደገና ይሰጥ የሚሉ ከሆነ ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። በዚያን ዕለት እኛ እጅ ስናወጣ ከሴት አባሎቻችን ሁለቱ በአዳራሹ አልነበሩም። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ቧንቧ የሻይ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር።