የቦንጋ ቡናና የሊቃውንት ስምምነት

ስለ ዝናቡ መዛባትና ስለ ሙቀቱ ሲነሣ፣ በቦንጋም ሆነ በአዲስ አበባ የሚሰጠው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «ደኑን ስለጨረስነው ነው» ይላል። ሌላው «የፈረንጅ ፋብሪካ ጢስ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የአላህ ሥራ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

የሦስተኛው ሰው ቃል እውነት ነው፤ ለተጠየቀው ግን መልስ አይሆንም። ያለ አላህ ፈቃድ የሚሆን ነገር እንደሌለ የሚያምን ሙስሊም፣ ጎተራው ቢቃጠልበት «ቀደር ነው» ብሎ እሳት የለኮሰውን ሳይጠይቅ ይቀራልን?

ታዲያ ማን ለኮሰው? በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1995 የሰው እጅ ምልክት እንደሚታይ በጥንቃቄ ተናግሮ ነበር። በ2021 ግን ምድርን፣ ባሕርንና አየርን ያሞቀው ሰው መሆኑ ጥርጥር እንደሌለበት አስታወቀ። ተጠራጣሪዎች «ሳይንስ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ሊቃውንቱን ያስማማቸው እጅ ማውጣት ሳይሆን ማስረጃ ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን የራሱ ምልክት አለው፤ ምልክቱም በአየሩ ውስጥ እየጨመረ ተገኝቷል። ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ ላይኛውም ታችኛውም የአየር ንጣፍ በሞቀ ነበር። የታየው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው።

ኢጅማዕ ሲባል የገበያተኛው ሁሉ ስምምነት ሳይሆን፣ ለነገሩ የበቁት ዑለሞች ስምምነት መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። (እርግጥ የሳይንቲስቶቹ ስምምነት አዲስ ማስረጃ ከመጣ ይፈርሳል፤ ማነጻጸሪያው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።) በዝርዝር መለያየትም በመሠረቱ መለያየት አይደለም። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ የተሳተፉበት የ2012 ጥናት፣ አገር በቀሉ ዓረቢካ ቡና የሚስማማው ሥፍራ እስከ 2080 ቢያንስ 65 ከመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ገመተ። እርሳቸው ያሉበት የ2017 ጥናት ደግሞ፣ ቡና ከሚለማበት መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶ የሚሆነው ላይስማማ ይችላል፤ እርሻው ወደሚመቸው ሥፍራ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ግን የሚመቸው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ይሆናል አለ። «ይኸው፣ ቃላቸው ተለዋወጠ!» የሚል አይጠፋም። የፊተኛው የመረመረው የዱሩን ቡና ባለበት ቦታ ነው፤ የኋለኛው እርሻውን ነው። በመሞቁ ላይ አልተከራከሩም።

ክርክሩ የቃላት ብቻ አይደለም። ጥፋቱ ሁሉ የደን ምንጠራ ነው ካልን፣ ዕዳው በሙሉ በካፋ ገበሬ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ኢትዮጵያ ግን ከዓለም የተቃጠለ ጋዝ ድርሻዋ አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል የፈረንጅ ጢስ መጥረቢያውን ነፃ አያወጣም፤ ደን ሲመነጠር አካባቢው እንደሚሞቅም የታወቀ ነው። በበኩሌ ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ እኩል ናቸው የሚለውን ግን አልቀበልም።

ቡናው ወደ ከፍታ ይውጣ ሲባልም ከፍታው ባዶ አይደለም። የሌላ ሰው እንሰትና ገብስ አለበት፤ የተተከለው ቡና እስኪያፈራም ዓመታት ይፈጃል። የእነዚያን ዓመታት ቀለብ ማን ይችላል? ገበሬው ነው ወይስ ያጨሰው?