ለወረታዋ የስም ሰርቨር ጠባቂ

ልጄ፣ ወረታ ላይ የመሥሪያ ቤትሽን የዶሜይን ስም ሰርቨር እንድትይዢ መመደብሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ሲሠራ ማንም አያስታውስሽም፤ ሲቆም ስልክሽ እረፍት አያገኝም።

ሥራሽን ለአለቆችሽ ማስረዳት ሲቸግርሽ የከተማችሁን መገንጠያ ጥቀሺላቸው። ከባሕር ዳር የመጣ መኪና እዚያ ሲደርስ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎንደር፣ ወይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ይሄዳል። መገንጠያው ላይ ቆሞ የሚጠቁም ሰው ጭነት አይሸከምም፤ እሱ ከተሳሳተ ግን የፎገራ ሩዝ ያልታሰበበት ገበያ ይራገፋል። ስም ሰርቨርም ስም ሲጠየቅ የአይፒ አድራሻ ይናገራል፤ ዋና ሥራው ይኸው ነው። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የዶሜይን ስም ሥርዓቱን ሲነድፍ ያሰበው ዋና ነገር ሁሉም ስም በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ቤት መያዙ እንዲቀር ነው። የአገራችን የዶሜይን ስም መጨረሻ «ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዘገበ፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የአንቺ ድርሻ ከ«ኢቲ» ሥር ያለችው አንዲት ስም ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለአንድ ዶሜይን ቢያንስ ሁለት ስም ሰርቨር ያስፈልጋል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ለማሟላት ሁለት ማሽን ገዝተው አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። መብራቱ አንድ፣ የኢንተርኔት መስመሩ አንድ ከሆነ ሰርቨሩም አንድ ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ውሎ ሲያድር፣ ሁለቱም አብረው ዝም ይላሉ። ሁለተኛውን፣ ማለትም ተጠባባቂውን ሰርቨር፣ ደብረ ታቦር መውሰድም ብዙ አይረዳሽም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ወረታም ደብረ ታቦርም አብረው ተዘግተዋል። የድህነት ነገር እንዳይመስልሽ። ፌስቡክ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፋ ስም ሰርቨሮቹ አልተበላሹም ነበር፤ ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው በአንድ ጊዜ የተሰረዘው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ስለ ስማችሁ ለዓለም የሚመልሱት ሰርቨሮች ወረታ አይሁኑ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ከአገር ውጭ ይቀመጥ። ወረታ ላይ የሚያስፈልግሽ ለራሳችሁ ሠራተኞች የውጭ ስሞችን ጠይቆ መልሱን በጊዜያዊ ማከማቻ (ካሽ) የሚይዝ ሰርቨር ብቻ ነው፤ ቀርፋፋ መስመር ላይ እሱ ጥሩ ያግዛል። አለቃሽ «ዕቃው ዓይናችን ሥር ይሁን» ይሉ ይሆናል። በአክብሮት ስሚያቸው፣ ነገር ግን አትስማሚ።

ያንን ካሽ ያዥ ደግሞ ለራሳችሁ ኔትወርክ ብቻ እንዲመልስ ገድቢው። ለማንም ክፍት የሆነ ሰርቨር የሌላ ሰው መሣሪያ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አይፈለጌ ኢሜይል በሚከታተለው ድርጅት በስፓምሃውስ ላይ የወረደው ጥቃት በእንዲህ ያሉ ክፍት ሰርቨሮች ነበር የተባዛው። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ አያውቁም ነበር።

የዶሜይንሽ ስሞችና አድራሻዎች የተጻፉበት ዞን ፋይል ራስ ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱ «ኤክስፓየር» ይባላል፤ ተጠባባቂው ዋናውን ማግኘት ሲያቅተው ስንት ሰከንድ እየመለሰ እንደሚቆይ ይወስናል። በእኛ አገር ይህን ቁጥር አንድ ቀን ማድረግ ራስን ማጥፋት ነው። 2419200 ጻፊ፤ አራት ሳምንት ነው።

ከሁሉ የምፈራልሽ ግን እዚያው ያለውን ሲሪያል ቁጥር ነው፤ የምነግርሽንም በፈረንጅ መጽሐፍ አታገኚውም። ተጠባባቂው አዲስ ዞን የሚወስደው ሲሪያሉ በእጁ ካለው ሲበልጥ ብቻ ነው። ልማዱ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና የዕለቱን ተራ አከታትሎ መጻፍ ነው። አንዱ ባለሙያ በፈረንጅ አቆጣጠር 2025091101 ብሎ ይተዋል። የሚተካው ልጅ ያው ዕለት እንቁጣጣሽ ስለሆነ 2018010101 ይላል። ዋናው ሰርቨር አዲሱን ይዟል፤ ተጠባባቂው «ያረጀ ነው» ብሎ አይወስድም፤ ግማሹ ጠያቂ አዲሱን አድራሻ፣ ግማሹ አሮጌውን ያገኛል። ልጁ እየማለ «ከእኔ ጋ ይሠራል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊ፣ ይህንንም ፋይሉ አናት ላይ በአማርኛ አስፍሪው። በተቃራኒው 2025 ለማለት 2052 ተጽፎ ከተገኘ፣ በዚያ ቁጥር ላይ 2147483647 ደምረሽ አሳድጊው፤ ተጠባባቂዎቹ ሁሉ መውሰዳቸውን አረጋግጪ፤ ከዚያ ትክክለኛውን ጻፊ። ቁጥሩ ዞሮ ስለሚቆጠር ይቀበሉታል።

አድራሻ ስትቀይሪ አትቸኩዪ። መልሱ በካሽ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚወስነው ቲቲኤል 86400 ከሆነ ዛሬ የሰጠሽው መልስ በሰው ካሽ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል፤ ብታርሚውም የወጣው አይመለስም። ከለውጡ ሁለት ቀን አስቀድመሽ ወደ 300 አውርጂው፣ ሲረጋጋ መልሺው። አዲስ ስም ከመፍጠርሽ በፊት «ደርሶ ይሆን?» እያልሽ አትጠይቂ፤ «የለም» የሚለው መልስም ካሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስሙን ከፈጠርሽው በኋላም ለራስሽ የለም ይልሻል። ሙሉ ስም ስትጽፊ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ነጥብ አትርሺ፤ ከጎደለች ሰርቨሩ የዶሜይኑን ስም ዳግም ይቀጥልበታል።

አንድ ነገር ቀረ፣ ቴክኒክ አይደለም። ብዙ የአገራችን መሥሪያ ቤት በ«ኮም» የሚያልቅ ስም ያስገዛው የክፍያ ካርድ ባለው፣ አሜሪካ በሚኖር ዘመድ ነው፤ ስሙ በግለሰብ ኢሜይል ተመዝግቦ ይቀራል። ዘመድ አድራሻ ሲቀይር የዕድሳቱ ማስጠንቀቂያ ማንም የማያየው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ስማችሁ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገብ፤ የመገናኛው ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲወድቅ ኢሜይሉም አብሮ ይወድቃልና። ነገ ቢሮ ስትገቢ ስሙ በማን እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ አጣሪና ከአንቺ ሌላ ለሁለት ሰው በጽሑፍ ስጪ።