ጉርሻ ስንት ካሎሪ ነው?

ለመሆኑ ሰው የሚበላውን በቁጥር ቢለካ የራሱ ጌታ ይሆናል ወይስ የቁጥሩ አሽከር? ጥያቄው ለጠገበ ሰው ብቻ የሚነሳ ይመስላል። ግን ታሪኩን ስንመረምር የቁጥሩ መነሻ የድሃ ማዕድ ሆኖ እናገኘዋለን።

ካሎሪ የሙቀት መለኪያ ነው፤ በምግብ ሂሳብ አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ኃይል ማለት ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሰውን በታሸገ ክፍል እያስቀመጠ፣ የሚበላውንና ከገላው የሚወጣውን ሙቀት ለካ። አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ የሚባለው ሂሳብ የእሱ ነው። የሰውዬው ጭንቀት ግን ቦርጭ አልነበረም፤ ሠራተኛው በጥቂት ሳንቲም ጉልበት የሚሰጥ ምግብ እንዲገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ሐኪሟ ሉሉ ሀንት ፒተርስ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ያው ቁጥር መቅጠን ለሚሹ አሜሪካውያን መመሪያ ሆነ። ዳቦን በቁራሽ ሳይሆን በካሎሪ መጥራት ልመዱ አለቻቸው።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ደግሞ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ተራቡ። ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው መሣሪያ ያላነሱ ናቸው፤ በጦርነት የተራበ ሕዝብ እንዴት እንደሚያገግም ይታወቅ ብለው ነው የገቡበት። ለስድስት ወር በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ ተሰጣቸው፤ ከክብደታቸው አንድ አራተኛውን ያህል አጡ። የባሰው ግን ሐሳባቸው ነው። ወሬያቸው ምግብ፣ ሕልማቸው ምግብ ሆነ፤ የወጥ ቤት መጻሕፍት የሚሰበስቡም ነበሩ። ዛሬ ለመቅጠን ተብሎ 1,200 ካሎሪ ሲታዘዝ እንሰማለን። በፈቃድ የተጀመረ ረሃብም ሰውን ያስራል እኮ!

እስቲ በአንድ ዶርም ሦስት ተማሪዎች እራት ሳይበሉ አደሩ እንበል። አንዷ ልቅጠን ብላ ነው፤ አንዷ ጾም ይዛ ነው፤ አንዷ ደግሞ የምትበላው አጥታ ነው። ለካሎሪ ሦስቱም እኩል ናቸው፣ ዜሮ! ለሕሊና ግን አንድ ናቸውን? ጿሚዋ የምትፈታበትን ሰዓት ታውቃለች፤ አብሯት የሚጾምም አለ። የምትቆጥረዋ ብቻዋን ነው የምትቆጥረው፤ ጓደኛዋ ጉርሻ ስትዘረጋላት እንኳ ከፍቅሩ በፊት ሂሳቡ ይታያታል። ያጣችው ደግሞ ምርጫም የላት።

ታዲያ ቁጥሩን እንወርውረው? በፍጹም! የስኳር ሕመምተኛ የሚበላውን ቢመጥን ይጠቀማል። በረሃብ ለተጎዳ ሕፃን በየሆስፒታሉ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው ወተት ስሙን ያገኘው በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ስለሚይዝ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ነፍስ ያድናል፤ ወደ መነሻው ተመልሷል ማለት ነው።

ክፋቱ ከመቁጠር አይደለም፣ ለማን እንደምንቆጥር ካለመጠየቅ ነው። ለጤናሽ ከሆነ ቁጠሪ፣ እህቴ። የሰው ዓይን ለመሙላት ከሆነ ግን ያ ዓይን መቼም አይሞላም፤ ዛሬ በ1,200 ቢረካ ነገ 1,000 ይልሻል። አንተም ወንድሜ፣ የሴቷን ወገብ በዓይንህ የምትለካው፣ ከዚህ ሂሳብ ውጭ አይደለህም።

ያችን ሦስተኛዋን ግን አንርሳት። እሷ የሚቆጥርላት ሳይሆን የሚያካፍላት ነው የምትሻው።