ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጾም

የእኛ ጾም ሰዓትም አለው፣ ከጥሉላት መከልከልም አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት አንዱ ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ መተው ሌላው። ኢንሱሊን የምንወጋ ሰዎች ሰዓቱን አንችልም፤ ጥሉላቱን መተው ግን ሐኪም ካልከለከለን የሚያግደን የለም። ይህን ለይቶ የሚነግር ስለሚጠፋ አንዱ ሁሉንም ልጹም ብሎ ይወድቃል፣ ሌላው ሁሉንም ትቶ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ጅቡቲ፣ ሄሮን ውስጥ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ ቁርሴን እበላለሁ፤ ግማሽ እንጀራ በምስር፣ ጎመኑ ከእንጀራው በዝቶ። ዘበኛውና ሌሎቹ ትኩስ ባጌት በጣፋጭ ሻይ ያጠቅሳሉ። የጾም ነው፣ ጥሉላት የለበትም፤ የእኔን ስኳር ግን ሽቅብ ይሰደዋል። ሩዙም፣ ፓስታውም፣ ድንቹም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችውን ደሜ አይፈቅድልኝም። በጾሙ ውስጥ ሌላ ጾም አለብኝ፤ እሱም በፋሲካ አይፈታም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ሲገባ እዚህ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ስኳር ሲወርድ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ምድጃ ፊት የቆመች ሴት ላቡ የምኑ እንደሆነ በምን ትለየው? መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት ነው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። በዚያች ሰዓት ቅዳሴ እስኪወጣ ልታገሥ ማለት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተደራረቡ። የአሠሪዬ እናት፣ ቤቱ ሁሉ አዬዮ የሚላቸው፣ እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ቁርኣን በሁለተኛው ሱራ ለበሽተኛ ፈቅዷል፤ የእኛም ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ለሕመምተኛ ይራራል። አዬዮ ፈቃዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቢሆንም ምሳቸውን ሳቀርብላቸው ሳህኑን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው «ልጄ፣ በሩን ዝጊው» አሉኝ። ከልጅ ልጆቻቸው ዓይን ነበር የተሸሸጉት። ፈቃድ መቀበል ከረሃብ ይከብዳል፤ ጾም አብሮ የሚያዝ ነገር ስለሆነ ብቻውን የሚበላ ሰው ከማኅበሩ የወጣ ይመስለዋል።

አዬዮ መጾም ባልቻሉበት በእያንዳንዱ ቀን ምትክ አንድ ድሃ ያበላሉ፤ ሃይማኖታቸው የሚያዘው ነው። ይህ ልቤን ነካው። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ ጾምን ለተራበ ከሚቆረስ እንጀራ ጋር አያይዞታል። ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሊሄዱ ከአገር የወጡ ልጆቻችን በዚህ ከተማ ግድግዳ ተጠግተው ተኝተው አያለሁ። የሰዓቱን ዕዳ በእነሱ በኩል ልክፈለው ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ጥሉላቱን ጠብቂ፣ ቁርስሽን በሰዓቱ ብዪ፣ ስትወጪ ለእነሱም ያዢላቸው» አሉኝ።

አሁን የምለምነው ለእኔ ብቻዬን የተሰጠኝ ይህ ቃል በቅበላው እሑድ በዐውደ ምሕረት እንዲነገር ነው፤ መርፌ የሚወጉትም፣ አጠገባቸው ቆመው የሚያስቀድሱትም አብረው እንዲሰሙት።